ብርዱ ነው እንጂ እኔማ…

እኔ በበኩሌ የደብረ ብርሃን ሰው ሰነፍ ነው ሲባል አልወድም፣ ስንፍና የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም፣ ብርድ ነው ያለው። የሰፈራችንን አንድ ጋሼ ውሰዱ። አረቄውን ለምን አይተዉትም ስትሏቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "ልጄ፣ 2,800 ሜትር ላይ ቁጭ ብለህ አረቄ ተው ይባላል?" ይሏችኋል፣ ከፍታውን በሜትር የያዙት እኮ ለዚች ብቻ ነው! እንዲህ ያለ እውቀት የትም አይገኝም።

ብርዱ ነው ብላችሁ አምናችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ይዛችኋቸው ወርዳችሁ እስኪ እዚህ ስፖርት ይስሩ ብትሏቸው ደሞ ጉድ ታያላችሁ። ጣርማበር ዋሻ ብርድ ሆኖ የገባው ምክንያት ደብረ ሲናን አልፎ ቆላው ጋ ሲደርስ ወበቅ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ "እኛ ደገኞች በዚህ ሙቀት እንኳን ስፖርት ትንፋሽም አቃተን፣ እስኪ አንድ ቀዝቃዛ ቢራ በል" ይላሉ። ጣሊያን ያን ተራራ በስቶ አለፈ፣ የጋሼን ምክንያት የሚበሳ መሐንዲስ ግን ገና አልተወለደም።

አንዴ የእህታቸው ልጅ ድፍረት አገኘችና "ጋሼ፣ ጌጤ ዋሚ እኮ የዚሁ የጫጫ ልጅ ናት፣ ያው ብርድ ነው፣ በ1991 ስፔን ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች" አለቻቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡ። "እሷማ ብርዱን ሽሽት ነዋ የሮጠችው!" እኔ በቃ እጅ ሰጠሁ፣ እንዲህ አይነቱን መልስ ለማውጣት የሚፈጀው ጉልበት እኮ ጫጫ ድረስ በእግር አድርሶ ይመልሳል።

ደሞ ቀን አቆጣጠራቸው! መስከረም አረቄውን ትተው ስፖርት ሊጀምሩ ነበር ደመራው መጣ፣ ጥቅምትና ህዳር ውርጭ ነው፣ ታህሳስ ፆም ስለሆነ አቅም የለም፣ ጥር ጥምቀትና ሰርግ፣ ከዛ ሁዳዴ፣ ከዛ ፋሲካ (በፋሲካ ማን ይለወጣል፣ ነውር ነው)፣ ክረምቱ ጭቃ፣ ጳጉሜን ደሞ "በ5 ቀን ምን ይሰራል" ብለው ያልፏታል። አሁን ትንሽ ጨንቋቸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ በ2019 ጳጉሜ 6 ነች አሉ፣ ለስድስተኛዋ ቀን ገና ምንም አልተገኘላትም።