አዲሱን ቤት ከአሮጌው ጀርባ ሥሩት

በሰባት ቤት ጉራጌ የአባት ቤት በብዛት የሚፈርሰው በፍቅር ነው። ልጅ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ዱባይ ሠርቶ ገንዘብ ይይዛል። እናቱ በጭስ መሃል እንድታረጅ አይፈልግም። ብሎኬትና ሲሚንቶ ያስጭንና ለመስቀል የሚደርስ ቤት ያስጀምራል። ቦታው የት ነው? ቅድመ አያቱ ያቆሙት ክብ ቤት ያለበት።

እንዲህ የሚያደርጉት የማውቃቸው፣ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው። ክፉ ሐሳብ የላቸውም። እናትን በንጹሕ ቤት ማኖር ትልቅ ነገር ነው። እኔ የምለው አዲሱ ቤት ከአሮጌው ጀርባ ወይም ጎን ይሠራ ነው። አሮጌው አይነካ። ምክንያቴን ለማስረዳት ግቢውን ከደጁ ጀምሬ ላሳያችሁ።

ከደጁ ፊት ጀፎረ አለ። ሁለት ረድፍ ቤቶች ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። አንዳንዱ ጀፎረ ብዙ የከተማ አስፋልት በስፋት አይደርስበትም። ሰርጉ እዚያ ነው፣ ለቅሶውም እዚያ ነው። የመስቀል ደመራ እዚያ ይበራል። ጥጃ እዚያ ይግጣል፣ ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ማንም ተነስቶ አጥሩን ወደ ጀፎረ መግፋት አይችልም። ይህን ሲጠብቅ የኖረው ካርታ ወይም ማዘጋጃ ቤት አይደለም። ቂጫ ነው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች ጉባኤ የሆነው የጆካ ሸንጎ የሚዳኝበት ባህላዊ ሕግ። በምኒልክ ዘመን አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ክልሉም ዞኑም ስሙና ወሰኑ ተቀያየረ። ጀፎረ ግን ቸሃ፣ እዣ፣ ጉመርና እነሞር ውስጥ ዛሬም በብዙ መንደር ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳይታረስና ሳይታጠር የቆየ የጋራ መሬት በአገራችን ስንት ቦታ አለ?

ከጀፎረው ገባ ሲባል ቤቶቹ አሉ። አቅም ያለው ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ከአንድ በላይ ክብ ቤት አለው። ትልቁ እንግዳ ይቀበላል፣ ሌላው ቤተሰብና ከብት ይይዛል። ግድግዳው ተፈልጦ ጎን ለጎን የቆመ እንጨት ነው። መሃል ላይ ትልቁ ምሰሶ ይቆማል። ከምሰሶው ወደ ላይ ዙሪያውን ደጋፊ እንጨቶች እንደ ጃንጥላ ሽቦ ይዘረጋሉ፣ ጣሪያውን ይሸከማሉ። ድሮ ምስማር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በልጥና በገመድ ይታሰራል። በላዩ ላይ ወፍራም የሣር ክዳን ይወርዳል። ቤቱን አንድ ሰው አይሠራውም። ዋናው ባለሙያ ይመራል፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ እንጨት የሚሸከመው ይሸከማል፣ ሣር የሚያቀብለው ያቀብላል።

ከቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ ነው። ብዙ ሰው እንሰትን ሲያስብ ቆጮና ክትፎ ብቻ ነው የሚመጣለት። ጓሮው ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው። እንሰት ገበሬው ዘንድ በዘር አይባዛም። ከአንድ ተክል ሥር ብዙ ችግኝ እንዲያቆጠቁጥ ይደረጋል። ችግኙ ካደገ በኋላ እየተነቀለ ሌላ ቦታ ይተከላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ እንደገና ይዛወራል። እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ከቤቱ ኋላ የቆመው እንሰት ቅድመ አያት ከተከለው ተክል ሳይቋረጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። ወንዱ ይተክላል፣ ያዛውራል። ሴቷ ትፍቃለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ታብላላለች፣ ትጋግራለች። የደረሰ እንሰት የመከር ወር አይጠብቅም፤ ቤተሰብ በቸገረው ጊዜ ይቆረጣል። በሌላው አገር ዝናብ ሲቀር ሰው ሲሰደድ እንሰት ያለው አካባቢ የተሻለ የሚቋቋመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከተክሉ የሚወጣው ቃጫ ደግሞ ተመልሶ ገመድ ይሆናል።

እንሰቱ ፍግ ካላገኘ ይከሳል። ፍጉ የሚመጣው ቤት ውስጥ ከሚያድሩት ከብቶች ነው። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ይጠርጉና ወደ ጓሮ ያወጡታል። ከብቶቹ ደግሞ የእንሰት ቅጠል ይበላሉ፣ ጥጆቹ ጀፎረ ላይ ይግጣሉ። ጀፎረው፣ ቤቱ፣ ከብቱና ጓሮው አንዱ ሌላውን ይመግባል። ቤቱን ብቻ አንስቶ ሙዚየም ማስገባት ይቻላል። የሚገባው ግን እንጨትና ሣር ነው።

አሁን ወደ ጭሱ ልምጣ። ስለ አሮጌ ቤት በፍቅር የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጭሱን ይዘለዋል። ስለዚህ ጉዳይ አክስቴን ሳነሳባት መልሷ አጭር ነበር። «ጭሱን የጠጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ለመስቀል መጥተህ ነው የምታየው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዓይን የሚያጠፋውን፣ ሳምባ የሚጎዳውን ምድጃ ዕድሜ ልካቸውን ያጎነበሱበት ሴቶች ናቸው። ከብት ከሰው ጋር ማደሩም ለሕፃናት ጤና ጥሩ አይደለም። ማንም እናት ለቅርስ ተብሎ በጭስ እንድትኖር ልንፈርድባት አንችልም። አዲስ ቤት ይሠራላት የምለውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን ያው ጭስ ሌላም ሥራ ነበረው። በየቀኑ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ወደ ክዳኑ ይወጣል፣ እንጨቱን በጥቀርሻ ይለብጠዋል፣ ሣሩን ያደርቀዋል። ተባይ አይጠጋውም፣ እርጥበት ቶሎ አያበሰብሰውም። እሳት የጠፋበት የሣር ቤት ግን ይሞታል። ሰው ወጥቶ የተዘጋ ቤት ክረምቱን አይችልም። መጀመሪያ ሣሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ያፈሳል፣ ከዚያ ምስጥ ይገባል። ዘመድ አዝማድ ይህን ሲያይ «ቤቱ አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይላል። ቤቱ ዕድሜው አላለቀም፤ እሳቱ ነው የጠፋው።

ስለዚህ አሮጌውን ቤት ቆልፎ ማቆየት አያዋጣም። ሥራ ያስፈልገዋል። መኝታውና የዕለት ማብሰያው ወደ አዲሱ ቤት ይሂድ። ከብቱ ለብቻው በረት ይሠራለት፤ ፍጉም እንደ ድሮው ወደ እንሰቱ ይሂድ። ቡናው ግን በአሮጌው ቤት ይፈላ። እንግዳ እዚያ ይግባ፣ ሽማግሌ እዚያ ይቀመጥ፣ የመስቀል ክትፎ እዚያ ይበላ። በሳምንት የተወሰነ ቀን እሳት ካየ ክዳኑ ይተርፋል። አክስቴም በዚህ አልተቃወመችኝም። «ቡናውንማ ድሮም የምወደው እዚያ ነው» አለች።

የሣሩ ነገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ድሮ የክዳን ሣር የሚታጨድበት ሜዳ ነበር። አሁን ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ ባህር ዛፍ ሆኗል። የጥድ እንጨትማ ከተረሳ ቆይቷል። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ገበሬውን በገንዘብ ደግፏል፤ ይህን አልክድም። ችግሩ መሬቱን ከእንሰቱና ከሣሩ ጋር መሻማቱ ነው። በአንዳንድ ቦታ ጫትም ወደ ጓሮው እየገባ ነው። እንሰቱን የሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ደግሞ አለ፤ የታመመ ተክል በነካ ቢላዋ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይዛመታል። በዚህ ሁሉ መሃል ቆርቆሮ የሚመርጥን ገበሬ አልወቅስም። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ ሣርም አይለምንም። ክዳኑ ቆርቆሮ ቢሆን እንኳ ምሰሶው፣ ክብ ግድግዳውና ወደ ጀፎረ የሚያየው በር ቢቀር ከምንም ይሻላል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጀፎረው ነው። ከከተማ የሚመጣው አዲስ ቤት የብረት በርና የድንጋይ አጥር ይዞ ይመጣል። አጥሩ መጀመሪያ ግማሽ ሜትር ይወጣል። ቀጥሎ መኪና ማዞሪያ ይፈለጋል። ጎረቤቱም ያንን አይቶ የራሱን ይገፋል። ዘመናት ያለፉበት መሬት ገንዘብ ባለን ሰዎች እጅ እየጠበበ ነው። በመንደሩ ያለው ሽማግሌ ለአዲስ አበባው ባለሀብት «ቂጫ ጥሰሃል» ለማለት ያፍራል። ትምህርት ቤቱን ያሠራው፣ ለመንገዱ ያዋጣው እሱ ስለሆነ። ይህን ማፈር ማስቀረት ያለብን እኛው ነን። ቀድመን መጠየቅ፣ ሽማግሌ ጠርተን ወሰኑን ማስያዝ አለብን።

ሌላ አገር ይህን ያደረጉ አሉ። ጃፓን ውስጥ ሺራካዋጎ የሚባል የገበሬዎች መንደር አለ። ጣሪያቸው ቁልቁል የወረደ ወፍራም የሣር ክዳን ነው። እንደኛው፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሲጎርፍ ቤቶቹ መፍረስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ቤቶቻችንን አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም ብለው ተስማሙ። መንግሥት አካባቢውን በሕግ የከለለው ከዚያ በኋላ፣ በ1976 ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው ደግሞ በ1995። የአንዱ ቤት ክዳን ሲያረጅ መንደርተኛው ተሰብስቦ ይቀይራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። መጀመሪያ የሰዎቹ ቃል ነው የመጣው።

እኛም ከጎረቤት የምንማረው አለን። በእኛ አቆጣጠር ኮንሶ በ2003፣ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሁለቱም የተመዘገቡት ገበሬ ስለሚኖርባቸው ነው፤ እርከኑን የሚጠግን፣ እንሰቱን የሚተክል ሰው ስላለ። የኮንሶ እርከንና ግንብ ሃያ አንድ ትውልድ እንደተሻገረ ይነገርለታል። ጀፎረም ከእነዚህ አያንስም ብዬ አምናለሁ። ግን ምዝገባ ብንጠብቅ የሚመዘገበው ነገር አይቀርም።

በዚህ በኩል ጉራጌ ሌላው የሌለው አቅም አለው። የማኅበር ልምድ አለው። የከተማው ተወላጅ በ1950ዎቹና ከዚያም በኋላ መንግሥት ያልሠራለትን መንገድ ገንዘብ አዋጥቶ አሠርቷል። በየሰፈሩ እድር አለው፣ በየወረዳው ስም የልማት ማኅበር አለው። ያ ሁሉ መዋጮ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ዋለ፤ ተገቢም ነው። አሁን ከዚያ ትንሽ ተቆርሶ ለክዳን ሣር ማብቀያ የሚሆን መሬት ይከለል። ቤት ማቆም የሚያውቁት አዛውንት ባለሙያዎች ሳያልፉ ወጣቶች ከሥራቸው ይግቡ፣ ደመወዝም ይከፈላቸው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደጃፍ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ሜትርና ካሜራ ይዘው ይውጡ፣ ግቢዎቹን ይለኩ፣ ይሣሉ። ምሰሶውን ማን እንዳቆመው፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ በዚህ ቤት ማን እንደተወለደና ማን እንደተዳረ ይጻፍ። ይህ የሚታወቀው ከአሮጊቶቹና ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ አያውቅም። የገበሬ ግቢ ግን ታሪኩ ተጽፎ የተቀመጠበት ቦታ የለም፤ ያለው ግቢው ራሱ ነው።

መስቀል ላይ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። በዓመት አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባውም፣ ከውጭ አገሩም፣ እዚያው ካለውም የሚገኘው ያኔ ነው። ከበሬው ግዢ በፊት ወይም በኋላ ስለ ቤቱ አንድ ሰዓት ይነጋገሩ። አዲሱ ቤት የት ይሁን? የጀፎረው ወሰን የት ነው? የዘንድሮውን ሣር ማን ይገዛል፣ የከዳኙን ማን ይከፍላል? በሌላው ጊዜ እሳቱን ማን ያነዳል? ከግንበኛው ጋር ውል የሚፈረመው ይህ ካለቀ በኋላ ይሁን።