ባዶ እጄን ከካማኩራ

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኪቦርዴ ላይ አንዲት ብስኩት ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ለብቻዋ በላስቲክ ታሽጋ፣ ኒኮ የሚል ተጽፎባት። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ቅዳሜ ኒኮ የምትባል ከተማ ደርሳ መጥታለች ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይበላታል፣ እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ፣ ምክንያቱም ቅዳሜ እኔም ካማኩራ የምትባል ከተማ ነበርኩ፣ ይባስ ብሎ አርብ ዕለት አፌ አላርፍ ብሎኝ ካማኩራ ልሄድ ነው ብዬ ለፍልፌያለሁ።

እዚህ ጃፓን ለአንድ ቀን በባቡር ዞር ብለህ ብትመጣ እንኳን ባዶ እጅህን ቢሮ አትገባም። ኦሚያጌ ይሉታል። ሥራ ለነበሩት፣ ቤታቸው ለተኙት፣ ስማቸውን ለማታውቀው ሁሉ በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ጣፋጭ። ኧረ ካማኩራ እኮ ከቶኪዮ ጣቢያ በዮኮሱካ መስመር አንድ ሰዓት ገደማ ናት! ከሜክሲኮ አያት ለመድረስ ሰልፉን ጨምሮ ከዚህ በላይ የፈጀብኝ ቀን አለ፣ ከአያት ሲመለስ ግን ሳጥን ብስኩት ይዞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ደግሞ ስሄድ ባቡር ውስጥ አክስቴ ደወለች። እዚህ ባቡር ውስጥ ስልክ አይወራም፣ ድምፁ ራሱ ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ ማጥፋቱን ረስቼ ያ የክራር መጥሪያዬ ሲንጫጫ ፉርጎው ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ መሬት መሬቱን አየ። የተቆጣኝ የለም፣ የሚያናድደው እሱ ነው፣ ቢቆጡህ ይቅርታ ትላለህ፣ መሬት ሲያዩ ምን ትላለህ? ዘጋሁባት። ወዲያው «ፈረንጅ ሆንክብን አሉ» የሚል ቴክስት መጣ።

የአክስቴን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ የልጇን የጫማ ጉዳይ ሳልናገር አላልፍም። ነገሩ ከሆነ አራት ዓመት ሆኖታል። የጫማ ቁጥሬ 42 ነው አለኝ፣ እዚህ ደግሞ ጫማ የሚለካው በሴንቲሜትር ነው፣ 26.5 ነው 27 ነው እያልኩ ሦስት ሱቅ ዞሬ፣ ሻንጣውን አቅፌ ሚዛን ላይ እየቆምኩ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ የራሴን ጃኬት አውጥቼ ወሰድኩለት። ገና ጣቱን ሳይከትት «ጠበበኝ፣ ለሌላ ሰው የገዛኸውን ነው ያመጣህልኝ» አይለኝም! እስካሁን አገር ቤት ስሄድ ከፊቴ በፊት የሚያየው ሻንጣዬን ነው። ጫማውን ደግሞ መርካቶ ሸጦታል፣ ሰምቻለሁ።

ይሄን እያሰብኩ ካማኩራ ወርጄ ኤኖደን የምትባለውን ትንሽ ባቡር ተሳፈርኩ፣ በሰው ጓሮ መሀል እየተሽሎከለከች የምታልፍ፣ እጅህን በመስኮት ብትሰድ የተሰጣ ካልሲ የምትለቅምባት። ሃሴ ጣቢያ ወርጄ ትልቁ የቡድሃ ሐውልት ጋ ሄድኩ። በ1252 እ.ኤ.አ. መሠራት የተጀመረ፣ ከ11 ሜትር በላይ የሆነ ነሐስ ነው፣ ቤቱን ድሮ ማዕበልና ነፋስ ወስዶበት ሜዳ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ግድግዳ ላይ ምን ተሰቅሎለታል? ጫማ! 1.8 ሜትር የሚሆን የገለባ ነጠላ ጫማ፣ ኢባራኪ የሚባል ክፍለ ሀገር ልጆች ሠርተው ያመጡለት፣ ተነስቶ አገር ሲዞር እንዲያደርገው ብለው። እሱ ጠበበኝ አላለም። ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል አትመኑኝ፣ ግን ትንሽ ከፋኝ።

በነገራችን ላይ የኦሚያጌው ነገር ሲጀመር እንዲህ አልነበረም ይባላል። ድሮ፣ ኤዶ በሚባለው የጃፓን ዘመን፣ ኢሴ መቅደስ ለመሳለም መንደርተኛው ገንዘብ ያዋጣል፣ ዕጣ የወጣለት ሁሉንም ወክሎ ይሄዳል፣ በቃ እቁብ ነው። የሰው ብር በልቶ እንዴት ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ለቀሩት የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል። ይሄ ይገባኛል፣ እናቴም ከግሸን ስትመለስ ለጎረቤቱ ጸበልና እምነት ታድላለች። ለኔ ካማኩራ ግን ማን አዋጣ? ሱይካ በምትባለው በራሴ የባቡር መክፈያ ካርድ ጢጥ አድርጌ ገባሁ፣ በራሴ ጢጥ አድርጌ ወጣሁ!

ለማንኛውም ምሳ ሰዓት ላይ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። የካማኩራዋ ሃቶ ሳብሬ፣ ያቺ የርግብ ቅርጽ ያላት የቅቤ ብስኩት፣ እዚሁ ቶኪዮም ትልልቅ መደብሮች ውስጥ ትሸጣለች፣ እኔ መጀመሪያ ማንም የማያውቅብኝ መሰለኝ። እናቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትላለች፣ የምወደው ተረት ነው፣ እየሮጥኩ ትዝ አለኝ ግን አላቆመኝም። ሳጥኑን አንግቤ እያለከለክሁ ገባሁና ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቴ እንደነበር አስመስዬ ማደል ጀመርኩ። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ተቀብላ ርግቧን አገላብጣ አየቻት፣ ቀጥላ ከረጢቱን አየች፣ ከረጢቱ ላይ የዛሬው ደረሰኝ ከነሰዓቱ ተለጥፎ ነበር፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች።

ደግሞ ሳጥኑ 16 ፍሬ ነው፣ እኛ እኔን ሳይጨምር 17 ነን። አለቃዬ አሁን ስብሰባ ላይ ነው። የኒኮዋ ብስኩት ገና አልተከፈተችም፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ መላጥ ይቻል እንደሆነ እያየሁ ነው።