ለሐውልቱም ክፈል ተባልኩ

የአራት ኪሎውን ቤት አይቼ መጣሁ። እንዴት ሆነ ብላችሁ አትጠይቁኝ። እሺ፣ ጠይቁኝ። ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።

ማስታወቂያውን ታውቁታላችሁ፣ እኔው ነኝ የላክሁላችሁ። «ታሪካዊ በሆነው አራት ኪሎ፣ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ 75 ካሬ፣ ካርታው ንጹህ፣ ከደላላ ነጻ፣ ለቁም ነገረኛ ብቻ።» ፎቶው ላይ የሥላሴ ካቴድራል ጉልላት ወለል ብሎ ይታያል። ልቤ ቅልጥ አለ። እዚያ ሰፈር ተወልጄ፣ ቤታችን ሲፈርስ ቱሉ ዲምቱ የተወረወርኩ ሰው ነኝና አይፈረድብኝም።

«ከደላላ ነጻ» ብሎ የጻፈው ሰው ደላላ ነው። ይሄን ልጀምርላችሁ።

አደባባዩ ጋ ቀጠረኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ እሱ ጥቁር መነጽር አድርጓል። በእጁ ሁለት ስልክ፣ ሁለቱም ይጮሃሉ። ገና በቅጡ ሰላም ሳንባባል አገጩን ወደ ሐውልቱ ቀሰረ።

«ጋሼ፣ ይቺን ያዩአታል? የአድዋ ሐውልት ናት። እዚህ ቤት ሲገዙ ታሪክ ነው የሚገዙት።»

«የሚያዝያ 27 ነው» አልኩት። «ጃንሆይ በ1933 ከስደት የተመለሱበት።»

«ያው ድል ነው፣ ጋሼ።»

ያው ድል ነው! እኛ እኮ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 አርበኞቹ ሜዳሊያቸውን ደርድረው እዚያ ሲሰበሰቡ ከአጥሩ ሥር ተጋፍተን እያየን ነው ያደግነው። ዛሬ መነጽር ያጠለቀ ልጅ መጥቶ አድዋ ነው ይለኛል። ዝም አልኩ። ቤት ፈላጊ ምን አፍ አለው።

አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም፣ ኮንዶሚኒየም ነው። እያለከለክን ወጣን። ደረጃው ሲያልቅ መተላለፊያው ላይ የብረት ፍርግርግ በር ተገጥሟል። ተቆልፏል። ውስጡ የጫማ መደርደሪያ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንድ የሞተች አበባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ይሄም የቤቱ አካል ነው። ቦነስ በሉት።»

ለካ 75 ካሬዋ የተገኘችው እንዲህ ነው። ካርታውን ሳየው 51 ይላል። የቀረውን ከደረጃው ሰርቀው ነው የሞሉት። የጋራ ሕንፃ አዋጅ የሚባል ነገር አለ፣ ቁጥር 370/1995፤ ደረጃና መተላለፊያ የሁሉም ነዋሪ ነው። ሻጩ ግን የጎረቤቶቹን መውጫ ዘግቶ በካሬ ሊሸጥልኝ ነው። የነዋሪው ኮሚቴ የት ነው እንዳትሉኝ። ኮሚቴውም ታች የራሱን ፍርግርግ ገጥሟል፣ አየሁት።

ገባን። ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፣ ዙሪያውን ሰማያዊ መብራት ይሽከረከራል። ቀጥ ብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ጉልላት የለም። የፊት ለፊቱ ብሎክ፣ የተሰጣ አንሶላ፣ ሦስት ጥቁር ሮቶ።

«ጉልላቱስ?»

«እሱ ከጣሪያ ላይ የተነሳ ነው። ግን ሲወጡ ያዩታል።»

ቧንቧውን ከፈትኩት። ክርርር ብሎ ተነፈሰና ዝም አለ። ሻወር ቤት ገባሁ፤ መቆሚያው ላይ በርሜል፣ በርሜሉ ላይ ጀሪካን። ገላ የሚታጠበው ሰው የት እንደሚቆም እንጃ። «ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያው እንደማንኛውም ሰው» አለኝ ልጁ። እንደማንኛውም ሰው ከሆነ ዋጋውስ ለምን እንደማንኛውም ሰው አይሆንም?

ዋጋ አልኩ አይደል። በስልክ 8 ሚሊዮን ነበር። ደረጃውን ስንወጣ 9 ሆነ። ሳሎን ስንደርስ 9 ተኩል። ምነው ስለው «ኮሪደር ዳር ነው እኮ» አለኝ። አዎ፣ መንገዱ አምሯል፣ አምፖሉ ያበራል፣ የሳይክል መስመር አለ። መብራቱ ግን ውሃ ይዞ አራተኛ ፎቅ አይወጣም! ይሄ አልበቃ ብሎት ደግሞ «ዶላሩም አለ» አለ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ጀምሮ ዶላር የማይነካው ነገር ጠፋ። 20/80 በሚባለው የመንግሥት የቁጠባ ቤት ፕሮግራም በእጣ የወጣ ቤት ብሎኬቱ በዶላር ነው እንዴ የተገዛው?

እህቴ ትዝ አለችኝ። የ2005 ተመዝጋቢ ናት፣ የ40/60። አሁንም በየወሩ ትቆጥባለች። «እጣዬ ይወጣል» ትለኛለች። አልመልስላትም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሴትየዋ።

ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ባለቤት አይደለችም፣ ወኪል ናት። (ባለቤት የሚባል ፍጡር አይቼ አላውቅም። ከዚህ በፊት ያየሁትን የልደታውን ኮንዶሚኒየምም ያሳየኝ የወኪል ወኪል ነበር። ቤቱ ከተሰጠ 5 ዓመት ስላልሞላው መሸጥ አይቻልም፣ ስለዚህ በውክልና እናድርገው አለኝ። ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ይሞታል፣ ሰውየው በሕይወት አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ «ባለፈው ዋትሳፕ ላይ ኦንላይን ነበር» አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ።) ሴትየዋ ከስልኳ ቀና ሳትል፦

«ካሽ ነው?»

«ግማሹ ካሽ፣ ግማሹ የባንክ ብድር ነው። ተፈቅዶልኛል።»

እኔን አላየችም። ልጁን አየችው። «ብድር ይዞ የሚዞር ሰው ለምን ታመጣብኛለህ?»

እኔ ፊት! ቆሜ እየሰማሁ! ቁጭ በል እንኳ አልተባልኩም።

ከዚያ ማስረዳት ጀመረች፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱት። ውሉ ላይ የሚጻፈው 2 ሚሊዮን ነው። ባንክ ከገባ እውነተኛው ዋጋ ይታያል። ዋጋው ከታየ ግብር ይመጣል። ስለዚህ ባንክ አይገባም። የስም ማዛወሪያው፣ ቴምብሩ፣ የሻጩም ግብር ሳይቀር በገዢ ነው። ሰውየው 9 ሚሊዮን ተኩል ተቀብሎ ግብሩን እኔ ልክፈልለት! ነገ ችግር ቢመጣ በእጄ ያለው ወረቀት የሚለው 2 ሚሊዮን ነው።

«እሱ አይሆንልኝም» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰፈር ለሁሉም አይሆንም» አለችኝ። «ለጀማሪ ኮዬ ፈጬ አሪፍ ነው።»

«እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት።»

አሁን ነው ቀና ያለችው። ከጫማዬ ጀምራ አየችኝ።

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

ለምን ወጣህ! አቦ እዩልኝ። ዞሮብኝ ነው የወጣሁት? ዶዘሩ መጥቶ ነዋ! እናቴ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሰ የቀበሌ ቤት ውስጥ ተከራይታ ነው ያሳደገችን። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ እየደረበች፣ ሽንት ቤቱን ከጎረቤት ጋር በተራ እያጠበች። ሰፈሩ «ለልማት ይፈለጋል» ሲባል ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ወጣች። እድሩ ተበተነ። ያኔ ደሳሳ ሰፈር ነበር የሚሉት። እኛ ስንወጣ ታሪካዊ ሆነ።

ይሄን ሁሉ ብላት ኖሮ ጥሩ ነበር። አላልኩም። «እንግዲህ…» ብዬ ቀረሁ። መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ከአራት ኪሎ መገናኛ ድረስ ለብቻዬ ስመልስላት፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ።

አላለቀም። ታች ስንወርድ ልጁ መነጽሩን አወለቀ።

«ብሮ፣ የቤት ማሳያ አልሰጠኸኝም።»

ጋሼዋ አራተኛ ፎቅ ቀርታለች።

«የምን ማሳያ? ከደላላ ነጻ ብለህ አልጻፍክም?»

«ብሮ ነዳጅ አለ፣ ጊዜ አለ። ሰፈሩን አስጎብኝቼሃለሁ፣ ሐውልቱን ነግሬሃለሁ።»

ሐውልቱን ነግሬሃለሁ! በስህተት የነገረኝን ሐውልት ነው የሚያስከፍለኝ! ደግሞ 500 ብር። 200 ሰጠሁት። ለምን ሰጠሁት? ሰው እያየን ነበር። በዚያ ላይ ደክሞኛል። ቤቱ ቢሸጥ እኮ ከእኔ ሁለት ፐርሰንት፣ ከሻጩ ሁለት ፐርሰንት ሊወስድ ነበር። ለአድዋ ሐውልት ገለጻ።

እዚህ ስር ደግሞ «ቤት ካስፈለገህ አለኝ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁለት ሰዎች፣ አይቻችኋለሁ። ዋጋው ምን አሳፍሯችሁ ነው የምትደብቁት? ካሬውን ከካርታው ላይ ጻፉ፣ ወለሉን ጻፉ፣ ዋጋውን ጻፉ። ውሃ አለ ወይ? ጻፉ። በኢንቦክስ የሚል ሌላ ሰው ከመጣ ብሎክ ነው። ብሎክ 14፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከነፍርግርጉ።