«እጅ ነሣ» በሽምደዳ አይፈታም

ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት ወላጆችን ሰብስቦ፣ ከሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በአማርኛ ፈተና ላይ «የሚከተሉት ሐረጋት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ዐውዳዊ ፍቺ ምረጡ» የሚለው ክፍል እንደሚቀርና በምትኩ ከነፍቺያቸው ተዘርዝረው የሚታደሉ ቃላት እንደሚጠየቁ ነገረን። ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ከዐውድ ፍቺ መፈለግ «ልጆችን ቁማር ማስተማር ነው» ተባልን።

ቁማርስ ምንባቡን ሳያነቡ ከአራቱ አማራጮች አንዱን መክበብ ነው። ከዐውድ ፍቺ የሚያወጣ ተማሪ ግን ከሐረጉ በፊትና በኋላ ያለውን መርምሮ፣ ያገኘውን ፍቺ በሐረጉ ቦታ ተክቶ፣ ዓረፍተ ነገሩ መስመር መያዙን ያጣራል። ይህን ቁማር ያለ ሰው የዳኛንም ፍርድ ሎተሪ ሊለው ነው።

በታደለን ዝርዝር ላይ «ነሣ» የሚለው ቃል «ከለከለ» ተብሎ ተፈትቷል። ስሕተት የለበትም፤ «እንቅልፍ ነሣኝ» ስንል ይሠራል። ምንባቡ «ሽማግሌው ከደጅ ሲደርሱ ወጣቱ ከመቀመጫው ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ» ቢልስ? ዝርዝሩን እንደ ውሃ የጠጣው ተማሪ፣ ወጣቱ ለሽማግሌው እጁን ሳይዘረጋ ቀረ ብሎ ብልግናውን ይመሰክርበታል። ያልሸመደደችው ግን ብድግ ማለቱንና ጎንበስ ማለቱን አይታ የአክብሮት ሰላምታ መሆኑን ትረዳለች። ያው ግሥ «ፊት ነሣ» ሲባል ደግሞ ማኩረፍና መናቅ ይሆናል። በዚህ ቋንቋ ቃልን ከጎረቤቱ ነጥሎ ማስጠናት ምን ማለት ነው? የዝርዝሩ ምሩቅ «አንጀቴን በላው» ያለውን ሰው ሐኪም ቤት ሊወስደው ነው!

ሐረጎቹንም በዝርዝሩ እንጨምራለን የሚል አይጠፋም። ይጨምሩ፤ ልጅቷ ነገ ጋዜጣ ስትከፍት የምትቸገርበት ግን ያልጨመሩት ሐረግ ነው። የአሜሪካው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ኤስኤቲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2016 ብርቅ ቃላትን የሚያሸመድደውን የዓረፍተ ነገር ማሟያ ትቶ፣ ቃላትን በምንባብ ውስጥ ወደ መጠየቅ ዞሯል።

በእርግጥ «ጎንበስ»ን የማያውቅ ልጅ «እጅ ነሣ» ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ቃላት ይጠኑ። ፍንጭ የሌለው ምንባብ አቅርቦ ዐውዳዊ ፍቺ የሚጠይቅ ፈተናም አለ፤ ያ ግን የፈተና አውጪው ስንፍና ነው።

ስንፍና ካልኩ ዘንድ፣ የውሳኔው እውነተኛ ምክንያትም ከዚያው የሚመነጭ ይመስለኛል። ዐውዳዊ ፍቺ መጠየቅ በየፈተናው አዲስ ምንባብ መምረጥንና አሳሳች አማራጮችን ማሰናዳትን ይጠይቃል፤ የቃላት ዝርዝር ግን አንዴ ከተጻፈ በየዓመቱ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ድካሙ በዛብን ቢሉን ኖሮ ቢያንስ በተግባባን ነበር።