ለዘር የተመረጠች ትንኝ

ገበሬ ለዘር የሚሆን በቆሎ ሲመርጥ አይታችሁ እንደሆነ፣ ፍሬው የሞላውን፣ ነቀዝ ያልደፈረውን ለይቶ ማድቤት ጭስ ላይ ይሰቅላል። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ግን ከእሱም ተራቅቀናል። የወባ ትንኝ ዘር እናሻሽላለን፤ ያውም ያለ በጀት!

አሠራራችንን ልንገራችሁ። ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ ፍሊት እንገዛለን። አያያዛችን እንደ ጠበል ነው፦ አልጋ ሥር አንዴ ፍሽ፣ መጋረጃው ላይ አንዴ ፍሽ፣ ከዚያ እንዳያልቅ ቁም ሣጥን ላይ። በዚህች ቅምሻ ደካማዋ ትንኝ ትሞታለች። ጠንካራዋ ትንሽ ዞር ብሎባት ትነሳና እንቁላሏን ትጥላለች፤ ልጆቿም እናታቸውን ይመስላሉ። የግብርና ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ምን ያደርጋል?

የቤት ለቤት ርጭትማ የእኛን ሙያ ይፈትናል። ሠራተኞቹ ግድግዳውን ረጭተው ሲወጡ እኛ ጭቃና እበት ለውሰን እንጠብቃለን። በዓል ደርሷላ! ትንኟ ደም ጠጥታ የምታርፈው ግድግዳ ላይ መሆኑን ስለምናውቅ፣ መድኃኒቱ እንዳይጎረብጣት ለቅልቀን እናለሰልስላታለን። አጎበሩም ቢሆን ሥራ አልፈታም፦ የጎመን ችግኝ ያጥራል፣ ዓሣ ያጠምዳል።

ውጤቱ ያኮራል። አገራችን ለአሥርተ ዓመታት ቤት ስትረጭበት የኖረችውን ዲዲቲ ትንኟ ስለለመደችው እ.ኤ.አ. በ2009 ለመተው ተገደደች። ዲዲቲም ሆነ አጎበሩ የተነከረበት ፓይረትሮይድ የተባለው መድኃኒት የሚያነጣጥሩት ነርቧ ላይ ያለ አንድ በር ላይ ነው። የዚያ በር ዘረ መል ትንሽ ሲለወጥ ሁለቱም ይዳከማሉ፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ማለት ለእሷ ነው። ተመራማሪዎች ትንኞችን ከመድኃኒቱ ጋር ለ1 ሰዓት ቱቦ ውስጥ ዘግተው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100ው ከ90 በታች ከሞቱ "ተላምዳለች" ይላሉ። እኛ ቱቦ አያስፈልገንም፤ ሌሊት በጆሯችን እንቆጥራለን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት እያለ ምስጋናው ለማን ይሄዳል? ለጣና! "ሐይቅ ዳር ስለሆንን ነው" ይባላል። የእኛዋ የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ አረቢየንሲስ፣ ግን ከሐይቁ ጥልቅ ይልቅ ፀሐይ ያገኘው ትንሽ ውሃ ይጥማታል፦ የከብት ኮቴ፣ ለጡብ ጭቃ የተቆፈረ ጉድጓድ። ያንን ደግሞ የቆፈርነው እኛ ነን፤ ጣና አካፋ የለውም።

የግቢያችን እትዬ ባለፈው "ልጄ፣ ይኼ ፍሊት ውሃ ቀላቅለውበት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ኧረ እትዬ፣ ፍሊቱስ ፍሊት ነው። የእርስዎ ምርት ጥራቱ ጨምሮ ነው እንጂ።"

ተቀየሙኝ መሰለኝ፤ ቡና ሲያፈሉ አልጠሩኝም። ማታ ቤቴ ስገባ አንዷ ሆዷ በደም ተወጥሮ የፍሊቱ ቆርቆሮ ላይ ጉብ ብላለች። እጄን አንስቼ ነበር፤ ለዘር ትሁን ብዬ ተውኳት።