አረንጓዴ ማቅለሙ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም

እህቴ፣ «ከእንጦጦ የገዛሁት የቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀፎ) ሐብል አንገቴን አረንጓዴ አደረገው፣ ፎርጅድ ነው፣ የጥይት ስለሆነም መርዝ አለው» ብለሻል። ተሳስተሻል። ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ናስ ነው፣ ናስ ደግሞ መዳብና ዚንክ። መዳቡ ላብ ሲነካው አረንጓዴ ያወጣል፤ አንገትሽን በሳሙና ታጠቢው፣ ይለቃል። መርዛማው እርሳስ በብዛት ያለው የጥይቱ ጫፍ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ሲተኮስ ሄዷል፤ ቀልጦ ዶቃ የሚሆነው መሬት ላይ የቀረው ባዶው ቀለህ ነው። (ከማዘንሽ ካልቀረ ሲያቀልጥ የዚንክ ጭስ ለሚምገው ሰውዬ እዘኚለት።) የሚያሳክክና የሚያቀላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መቆለፊያው ላይ ያለው ኒኬል ነው።

መሐል ላይ ያለችውን የወይራ እንጨት ግን አደራ፣ ውሃ ውስጥ እንዳትዘፈዝፊያት። ወይራ ጠንካራ ነው ማለት ውሃ አይነካውም ማለት አይደለም። ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የኔዋ ከፈረሰ ቤት የበር መቃን የተሠራች ነበረች፤ ያን ሁሉ ዝናብና ፀሐይ ችላ ኖራ እኔ በየቀኑ ሻወር እያስገባሁ ለሁለት ሰነጠቅኳት። ናሱን ብቻ በሎሚ ፈትጊው፣ እንጨቷን ጠብታ የተልባ ዘይት ቀቢያት።