ቶኑን ስጡኝ፣ መርከቤን ራሴ ልምረጥ

አሁን ነው ማይኩን ዘግቼ የወጣሁት። መስማት የማይፈልግ ይለፈኝ።

ከጓደኞቼ ጋር በኦንላይን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌም እንጫወታለን፤ እያንዳንዱ የሚመራውን አገር የሚያገኘው በዕጣ ነው። ዕጣው ጣሊያን አደረሰኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ ባንዳ ሆነ። እሺ፣ ስድቡን ችያለሁ። ያልቻልኩት ጌሙ በ1936 (በፈረንጆቹ) ሲከፈት የሚያስታቅፈኝን መርከብ ነው። ያረጁ ባትልሺፖች (ትልልቅ መድፍ የተሸከሙ ከባድ የጦር መርከቦች)፣ የሰርጓጅ መርከብ መዓት፣ አውሮፕላን ተሸካሚ ዜሮ! አንዷን እንኳ ልቀይር ብል አይሆንም። ልሥራ ብል ደግሞ እስኪያልቅ ጦርነቱ ደርሶ ያልፋል።

እንግሊዝ የደረሰው ልጅ ታራንቶ በሚባለው የጣሊያን ወደብ ላይ በአውሮፕላን አመድ አደረገኝ። በእውነተኛው ታሪክም በኅዳር 1940 እዚያው ወደብ 21 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሦስት ባትልሺፕ ከጨዋታ ውጭ አድርገዋል። እያወቅኩ ቁጭ ብዬ ልመታ?

"ቢያንስ መነሻ መርከባችንን እንምረጥ" አልኩ።

"ታሪክ አይመረጥም፣ ጀግናው" አለኝ እንግሊዝ የደረሰው።

"ለንደንን በ1938 ያዝ የሚል ጌም ነው ታሪክ የሚያስተምረኝ?"

"መጀመሪያ ያዛታ!"

ሳቅ በሳቅ። የአንዱ ሚስት እንኳ ከጓዳ ስትስቅ በማይኩ ሰማሁ። እንግሊዝ የደረሰው ቀጠለና "አድሚራል፣ የሚቀየረው መርከቡ ሳይሆን አንተ ነህ" አለኝ። ባለፈው መብራት ሲጠፋብኝ "ፈርቶ ሸሸ" ብሎ ያስወራው እሱ ነው። ጄኔሬተር ያለው ሰው አፉ ሰፊ ነው።

ታሪክ ካላችሁ እንካችሁ። የ1922ቱ የዋሽንግተን ውል ለየአገሩ የቆረጠው የቶን ጣሪያ፣ ማለትም የጦር መርከቦች ጠቅላላ ክብደት ልክ ነው። ጣሊያን ለአውሮፕላን ተሸካሚ ብቻ 60,000 ቶን ተፈቅዶላት ነበር። አልሠራችም፤ ምርጫዋ! ጃፓን አካጊ የተባለችውን መርከብ፣ አሜሪካ ሌክሲንግተንን ባትል ክሩዘር (ፈጣን ባለ ትልልቅ መድፍ የጦር መርከብ) ብለው ጀምረው ነው ወደ ተሸካሚ ያዞሯቸው። ይሄም ምርጫ። ታዲያ የሙሶሊኒን ምርጫ እኔ ለምን እከፍላለሁ? ጣሪያውን ስጡኝ፣ ውስጡን ራሴ ላከፋፍል። ሁሉንም ዲስትሮየር (ትንንሽ ፈጣን የጦር መርከብ) አድርጌ ከሰመጥኩ ያኔ ሳቁ።

"ሚዛን ይዛባል" ይሉኛል። አሁን የቱ ሚዛን አለና ነው የሚዛባው? እንግሊዝ የደረሰው ሁሌ ያሸንፋል፣ ዕጣውን የሚያወጣውም እሱ ነው። እኔ ግን አልጠረጠርኩም፣ እግዜር ይየው።

ደክሞኛል። ለቅዳሜ ፈረንሳይን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። አሁን ዕጣውን ላከልኝ። ሃንጋሪ። ባሕር የላትም፤ መሪዋ ሆርቲ ግን አድሚራል ነበር። ከሥሩ "መነሻ መርከብህን በነፃነት ምረጥ" ብሎ ጽፎልኛል።